ከፊቷ ማንም እንዳይቆም

ትናንት ምሳ ስንበላ አስተናጋጇን ትሪ ሲያመልጣት ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ወደ ድምፁ ዞረ። እኔ ግን ያየሁት ከአጠገብሽ ወዳለው ባዶ ወንበር ነበር። «ምን ጠፋብሽ?» አልሽኝ። ምንም ብዬ መብላቴን ቀጠልኩ። ውሸቴን ነው። ትሪ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ እየተሽከረከረ ሲያቃጭል በሰማሁ ቁጥር ዐይኔ ሳላዝዘው አንድ ፊት ይፈልጋል፤ የታላቅ እህቴን ፊት። አንቺ አዲስ መምህርት ነሽ። ነገ ከነገ ወዲያ ልጅ ለምዘና ትልኪያለሽና ብትሰሚው አይከፋም።

ያደግነው ከዳምቦያ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ቤታችን በእንሰት የተከበበ ስለነበር ጠዋት በሩ ሲከፈት የሚገባው ብርሃን አረንጓዴ ነበር። ክረምት ላይ እርጥብ ቅጠልና ከጉድጓድ የወጣ ቆጮ አብረው ይሸታሉ። እህቴን ለትምህርት ሳትደርስ ክፉ ትኩሳት ያዛት። እናቴ እንደምትለው ትኩሳቱ ሲለቃት ጆሮዋን ይዞ ሄደ። አፏን ፈትታ ስለነበር ጥቂት ቃላት ቀርተውላታል፤ እነሱም በየዓመቱ እየተሸራረፉ፣ ድምፃቸው እየተጣመመ፣ ከቤተሰብ በቀር የሚረዳቸው ሰው ጠፋ። እናቴ ብቻዋን ልትልካት ፈርታ እኔ እስክደርስ አቆየቻት። አንደኛ ክፍል አብረን ገባንና አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጥን።

ፊቴ ጆሮዋ ነበር። ይህን ማንም አላስተማራትም፣ እኔንም ማንም አልጠየቀኝም። መምህሩ ስሟን ሲጠራ እኔ ቀና እላለሁ፣ እሷ ፊቴን አይታ ትቆማለች። ውሻ ሲጮህ እኔ እደነግጣለሁ፣ እሷ ዞር ትላለች። ልጆች ቀልድ ሲያወሩ እኔ እስቃለሁ፣ እሷ ትንሽ ዘግይታ ትጀምርና ሁሉም ከጨረሰ በኋላ ትስቃለች። በጨዋታ መሀል ፊቴን ወደ ሌላ ካዞርኩ አገጬን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ራሷ ትመልሰው ነበር። ጣቶቿ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ናቸው።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። ሥራው ዝንጅብል ከገበሬ ሰብስቦ ለነጋዴ ማስረከብ ነው። ስብሰባ ላይ ከኋላ የሚቀመጥ፣ ሲናገር ሰው ሳያስጨርሰው ሌላ ወሬ የሚጀምርበት ዓይነት ሰው ነበር። አንድ ዓመት ቤተ ክርስቲያናችን ባዘጋጀችው ኮንፈረንስ ላይ ከሩቅ የተጋበዘ አገልጋይ መጣ። አባቴ እህቴን እጇን ይዞ መድረክ ላይ አወጣት። የሸራ ድንኳኑ ሙቀት፣ የተረገጠው ሣር ሽታ፣ የጄነሬተሩ ጩኸት እስካሁን አብረውኝ አሉ። አገልጋዩ ጣቶቹን ጆሮዎቿ ላይ አድርጎ ጮኸ፤ ከዚያ ወደ ሕዝቡ አዞራትና «አሜን በይ!» አላት። እኔ ከልጆች ጋር ከፊት ተቀምጬ ነበር። ሕዝቡ አሜን ሲል እኔም አሜን አልኩ። እህቴ አፌን አየችና «አሜን» አለች።

እልልታው ሸራውን ሊያነሣው ደረሰ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ማንም ከኋላ አላስቀመጠውም። ከአንጋጫ እስከ ሙዱላ እየተጠራ መሰከረ። ድምፁ የሚያምር ሰው መሆኑን እኛ ልጆቹ እንኳ ያኔ ነው ያወቅነው። ስሙ ቀርቶ «የተፈወሰችው ልጅ አባት» ተባለ።

አንቺ አማኝ ነሽ፣ እኔም ነኝ። እግዚአብሔር አይፈውስም አላልኩም። እህቴን ግን ያን ቀን አልፈወሳትም።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉ የለ? እስከዚያ ቀን ድረስ የማትሰማ ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የማትታዘዝ ልጅ ሆነች። ተፈውሳ የለም እንዴ? ታዲያ ስትጠራ ዝም የምትለው ምን ሆና ነው? አባቴ ከጓሮ ሆኖ ጠርቷት ካልመጣች ቀበቶውን ይፈታል። «እያወቀች ነው!» ይላል። እናቴ እሱ ሲጨርስ ጀርባዋን ቅቤ ትቀባታለች፤ ከዚያ ሆድ ይፍጀው ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

የክፍላችን መምህርም ኮንፈረንሱ ላይ ነበር። እሱ ደግሞ ጨዋታ አደረጋት። በዴስኮቹ መሀል እየተራመደ ሲያስተምር ከኋላዋ ይደርስና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስሟን ይጠራል። ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን ይውጣል። ከዚያ የባሕር ዛፍ አርጩሜው ትከሻዋ ላይ ያርፋል። «ጆሮ ዳባ ልበስ አልሽ አይደል!» ይላታል። እኔን እያየች እንደምትነሣ ሲደርስበት ደግሞ ለያየን፤ እኔን መጨረሻው ረድፍ ወሰደኝ። ከዚያ ወዲያ እኔን ፍለጋ ስትዞር ለምን ዞርሽ ብሎ ይመታታል፤ ሳትዞር ስትቀር ለምን አልሰማሽም ብሎ ይመታታል። ልጆቹ ሲስቁ እሷም አብራ ትስቅ ነበር። የሚስቁት በእሷ መሆኑን አታውቅም። ያን ሳቅ እስክሞት እጠላዋለሁ።

ሦስተኛ ክፍል ስንደርስ የልዩ ፍላጎት መምህርት ተመድባ መጣች። ከኮሌጅ የወጣች ወጣት ነበረች፤ ጫማዋ የእኛን ጭቃ የማይችል ስስ ጫማ ነው። ርእሰ መምህሩ የተሰባበሩ ዴስኮች የሚከመሩበትን መጋዘን ቁልፍ ሰጣትና «እንዲህ ያለ ልጅ እዚህ የለንም፤ ካገኘሽ አስተምሪ» አላት። መምህራኑ ሻይ ሲጠጡ ይስቁባት ነበር። እሷ ዴስኮቹን ወደ አንድ ጥግ ገፋች፣ ወለሉን አጠበች፣ ከዚያ በየክፍሉ እየዞረች ከኋላ ተቀምጣ ልጆቹን ማየት ጀመረች። እኛ ክፍል ስትደርስ ዐይኗ እህቴ ላይ ቀረ።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ሁለታችንንም ጠራችን። እኔን ከበሩ ውጭ አቆመችኝና ከእህቴ ኋላ ሆና አጨበጨበች። በስንጥቁ አያቸው ነበር። እህቴ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ የሚንሳፈፈውን አቧራ እያየች ፈገግ ብላ ተቀምጣለች። መምህርቷ ጠጋ ብላ፣ በጣም ጠጋ ብላ ደግማ አጨበጨበች። እህቴ አቧራውን በመዳፏ ለመያዝ እጇን ዘረጋች። መምህርቷ ያኔ ቁጢጥ ብላ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

መንገዱን አንቺ ታውቂዋለሽ። የክፍሉ መምህር ያየውን ይጽፋል፣ ርእሰ መምህሩ ይፈርማል፣ ወላጅ ይስማማል፣ ልጅቷ ሆሳዕና ሄዳ ትመዘናለች። አትሰማም ከተባለች መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ትገባለች፣ ከነማደሪያው። በሥልጠና ላይ ሲነግሩሽ ቀላል ይመስላል። የኛ መምህር ግን «መድረክ ላይ አሜን ስትል በጆሮዬ የሰማኋትን ልጅ አትሰማም ብዬ ልጻፍ?» ብሎ እምቢ አለ። እሷ ራሷ ጻፈችው። ርእሰ መምህሩ ከንዝንዟ ለመገላገል ፈረመ። የቀረው አባቴ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጣች። እናቴ ቆጮ በአይብ አቀረበችላት። አባቴ ጥሩ ልብሱን ለብሶ በክብር ተቀበላት፤ ከመብላቷ በፊት ጸለየላት።

«አባባ፣ ልጅዎ ብልህ ናት፤ ግን አትሰማም» አለች።

«ጌታ ፈውሷታል፣ እህቴ። ሕዝብ ያየው ነገር ነው።»

«እንግዲያው ብትመዘን ምን ይጎዳታል? ከሰማች ትሰማለች ይሉዎታል።»

እናቴ ከጓዳ በር ላይ ቆማ የቀሚሷን ጫፍ ትጠመዝዛለች። እህቴ እግሬ ሥር ተቀምጣ ፊቴን እያየች ነበር፤ እንግዳዋ ያለችውን ከእኔ ልታገኝ።

መምህርቷ ልትወጣ ስትነሣ «አንድ ነገር ብቻ አደራ» አለች። «እኔ ክፍል ስላለኝ አብሬያችሁ አልመጣም። ሲመዝኗት ከፊቷ ማንም እንዳይቆም ይንገሯቸው። ከሰው ፊት ነው የምታነበው፤ በተለይ ከዚች ከእህቷ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እንደዚያ ቀን ትኩር ብሎ አይቶኝ አያውቅም።

«ከእህቷ?» አለ።

«አዎ። እህቷን ካየች የምትሰማ ትመስላለች።»

«እሺ» አለ አባቴ። «ትመዘን። ይቺም አብራ ትሄዳለች፤ ያቺ ብቻዋን ትፈራለች።»

መምህርቷ እሺን ሰምታ የቀረውን አልሰማችም። ደስታዋ አፍኗት እናቴን አቀፈቻት።

የምዘናው ቀን ገና ሳይነጋ እናቴ ጸጉራችንን በቅቤ ሠርታ፣ ለእህቴ የእኔን ቀይ ሹራብ አልብሳ ከአባቴ ጋር ሸኘችን። ሚኒባሱ ቤንዚንና የዝንጅብል ጆንያ ይሸታል። እህቴ መስኮቱን በመዳፏ ደጋግማ እየጠረገች መንገዱን ሁሉ ፈገግ እንዳለች ሄደች። የት እንደምትሄድ የነገራት የለም፤ እንዴትስ ተብሎ ይነገራታል?

ምዘናው የሚደረገው እዚያው ልጆቹ የሚማሩበት ግቢ ውስጥ ነበር። ከበሩ ገብተን ጥቂት እንደሄድን እህቴ ቆመች። ያን ያህል ልጅ ተሰብስቦ አንድም ሰው ስም የማይጠራበት ግቢ አይቼ አላውቅም። እግር ይሮጣል፣ ሳቅ ይፈነዳል፣ ወሬው ግን በእጅ ነው። ይጨቃጨቃሉ በእጅ፣ ይሳደባሉ በእጅ። በኛ ዕድሜ ያለች አንዲት ልጅ እህቴን አይታ መጣች። መዳፏን ደረቷ ላይ አሳረፈች፣ ሁለት ጣቶቿን አቆላለፈች፣ ከዚያ እጇን ወደ እህቴ ዘረጋች። እህቴ ትንሽ አሰበችና እንደዚያው አደረገች። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀችላትና ደገመች። እህቴም ደገመች። ሁለቱ እየተቀባበሉ ሲስቁ ከአጠገባቸው ቆሜ ነበር። እህቴ ፊቴን ሳትፈልግ ስትስቅ ያየሁት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀናሁ።

አባቴ ክንዷን ይዞ ወሰዳት።

መዛኙ ሐዲያ ነበር፣ የደከመው ሰው። ደጅ ላይ የእናቶችና የልጆች ወረፋ ተሰልፏል። የጆሮ መመርመሪያው ተበላሽቶ ስለነበር ከወጥ ቤት ማንኪያና ትሪ አስመጥቶ ነበር የሚሠራው። እህቴን ጀርባዋን ሰጥታው ወንበር ላይ አስቀመጣትና «ሌላ ሰው ወደ ውጭ» አለ።

«ልጄ ትፈራለች፣ ጌታዬ» አለ አባቴ በአማርኛ፣ በዚያ በመድረክ ድምፁ። «እህቷ ፊት ለፊቷ ብትቆምላት? እኔም አጠገቧ እሆናለሁ።»

መዛኙ ወረፋውን አየ፣ እሺ አለ።

መምህርቷ ያለችውን አልረሳሁም። ከፊቷ ማንም እንዳይቆም ብላ ነበር፤ እኔ ቆሜያለሁ። ልጅ ብሆንም የገባኝ ነገር ነበር፤ ስለዚህ ዐይኔን ጨፈንኩ። ወዲያው የአባቴ እጅ ማጅራቴን ያዘ። ሰውዬው በማያውቀው በከምባትኛ፣ በቀስታ «ዐይንሽን ክፈቺ» አለኝ። አልከፈትኩም። ጣቶቹ ጠበቁ። «ክፈቺና እሷን እያት።»

ያኔ አወቅኩ። አባቴ እንደማትሰማ ያውቃል። ስትገረፍም ያውቅ ነበር።

ከፈትኩ። እህቴ ከፊቴ ተቀምጣለች፣ የግቢው ደስታ ገና ፊቷ ላይ አለ። መዛኙ ማንኪያውን ትሪው ላይ መታ። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ፤ እህቴ አልተንቀሳቀሰችም። ጠንከር አድርጎ መታ። አሁንም ቻልኩት። በልቤ ጌታ ሆይ፣ ድንጋይ አድርገኝ እል ነበር። ሰውዬው እህ ብሎ ብዕሩን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠውና ትሪውን ሲሚንቶው ላይ ለቀቀው።

ሰውነቴ በሙሉ ዘለለ። ምን ላድርግ፣ ጆሮ አለኝ። እህቴ ያን እንዳየች ፈጥና ወደ ኋላ ዞረች፤ ዞራም ለሰውዬው ሳቀችለት። በጊዜው መዞር የቻለች ቀን አትመታም ነበርና ጥሩ የሠራች መስሏታል። በስሟም ጠራት። ከእኔ ላይ አነበበችና ተነሥታ ቆመች።

«ጎበዝ!» አለ መዛኙ። «ትሰማለች፣ አባት። ትንሽ ችላ ባይ ናት እንጂ ጆሮዋ ደኅና ነው። እዚያው መደበኛ ክፍሏ ትቀጥል።»

አባቴ ማጅራቴን ለቀቀኝ። መናኸሪያ ስንደርስ ለሁለታችንም ቦምቦሊኖ ገዛልን፤ እሱ አልበላም።

«አየሽ፣ ትሰማለች» አለኝ።

«የሰማሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

ይመታኛል ብዬ ነበር። አልመታኝም። ዳምቦያ እስክንደርስ በመስኮት ወደ ውጭ ሲያይ ሄደ። እህቴ ከንፈሯ ላይ ስኳር እንደተጣበቀ መዳፏን ደረቷ ላይ ታሳርፋለች፣ ጣቶቿን ታቆላልፋለች፣ ወደ መስታወቱ ትዘረጋለች።

በሚቀጥለው እሑድ አባቴ መድረክ ላይ ወጥቶ «ሆሳዕና ያለው የመንግሥት መዛኝ ሳይቀር መሰከረ!» አለ። እልል ተባለ። የክፍላችን መምህርም አብሮ አጨበጨበ፣ ሰኞ አርጩሜውን ይዞ መጣ። አሁን ማንም አይከራከረውም። «ሆሳዕና ድረስ ሄደሽ ትሰማለች ተብለሻል እኮ!» እያለ ነበር የሚመታት።

የልዩ ፍላጎት መምህርቷ ግቢ ውስጥ ጠብቃ ያዘችኝ። «ከፊቷ ማን ነበር?» አለችኝ። «እኔ» አልኩ። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ ጎንበስ ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረች። ዴስኮቹ ተመልሰው ያጠበችው ወለል ላይ ተከመሩ። እህቴም በዚያው ዓመት ትምህርቷን ተወችና ከእናቴ ጋር እንሰት መፋቅ ያዘች። ያቺን የእጅ ነገር ግን አልተወችም። ለእናቴ ታደርግላታለች፣ ለላሟ ታደርግላታለች። አባቴ ሲያያት እጇን ይመታታል። ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም።

ሥራ ከያዝኩ በኋላ አንድ ጊዜ አባቴን ደፍሬ ጠየቅኩት። «ሕዝብ ሁሉ ያየውን አልነበረም ብዬ የጌታን ስም ላሰድብ?» አለኝ። «የማንን ስም?» አልኩት። አሁን አርጅቷል፣ እናቴም የለችም። እግሩን የምታጥበው፣ የምታበላው እህቴ ናት። ሲፈልጋት በምርኩዙ ወለሉን ይደበድባል፤ ንዝረቱ እግሯ ሥር ሲደርስ ትመጣለች። በስሟ ሲጠራት ሰምቼ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ስወልድ ልታርሰኝ እዚህ ሆሳዕና መጣች። ሕፃኑ ሲያለቅስ ስለማትሰማው መዳፏን ደረቱ ላይ አድርጋ ነበር የምትተኛው። ገና ለማልቀስ ሲነሣሣ ከእኔ ቀድማ ትነቃለች። እንዲህ ያለ እጅ ነው ያላት።

ሕፃኑን አስከትበን ስንመለስ በዚያ ትምህርት ቤት በር በኩል አለፍን። ተማሪዎቹ የሚወጡበት ሰዓት ነበር። መንገዱ በእጅ በሚያወሩ ልጆች ተሞላ፤ እህቴም ቆመች። ልጁን ሰጠችኝ። አጠገቧ የደረሰችውን ተማሪ አየቻትና መዳፏን ደረቷ ላይ አሳረፈች፣ ጣቶቿን አቆላለፈች፣ እጇን ዘረጋችላት። የተማሪዋ ፊት በራ። ቦርሳዋን መሬት ላይ ጥላ በሁለት እጇ መልስ መስጠት ጀመረች፤ ብዙ ነገር፣ በፍጥነት፣ ምናልባትም ጥያቄ። እህቴ እጆቹን እስከ መጨረሻው ተከተለቻቸው። ተማሪዋ ጨርሳ መልስ ስትጠብቅ፣ እነዚያ ቀዝቃዛ ሁለት ጣቶች አገጬን ያዙ። ፊቴን ወደ ራሷ አዞረችና ልጅቷ ያለችውን እስክነግራት ጠበቀች።

እኔም አላውቀውም ነበር።